የምክር ሥነ ልቡና አገልግሎትና ሥነ ምግባሩ፦ ምሥጢርን ስለ መጠበቅና ድንበርን ስለ ማወቅ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ሰው የልቡን ለሌላ ሰው የሚገልጠው ብዙ ጊዜ አመንትቶ ነው። ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ከራሱ ጋር ሲሟገት ይቆይና የሚያምነው ሰው ያገኘ ሲመስለው አፉን ይከፍታል። ያ ሰው በጥሞና ካደመጠውና ምሥጢሩን ከጠበቀለት የመፈወስ መንገድ ይጀመራል። ከፈረደበት ወይም የነገረውን ለሌላ ካወራበት ግን ልቡ ይዘጋል፤ ዳግመኛ ለመከፈትም ይቸገራል።

ከምእመናን ዘንድ በተደጋጋሚ የሚነሡ ጥያቄዎች አሉ። ንስሐ አባት ያለው ክርስቲያን ወደ ሥነ ልቡና አማካሪ መሄድ ይገባዋልን? የሙያ አማካሪ ከንስሐ አባት በምን ይለያል? የምነግረው ነገር ለሌላ እንደማይነገር በምን አውቃለሁ? በዚህ ጽሑፍ የምክር ሥነ ልቡናን መሠረታዊ ጽንሰ ሐሳቦችና የሙያውን ሥነ ምግባር ከቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት ጋር እያገናዘብን እናቀርባለን።

የምክር ሥነ ልቡና ምንድን ነው?

ምክር በሀገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ሽማግሌዎች፣ የክርስትና አባትና እናት፣ የንስሐ አባት፣ ጎረቤትና ወዳጅ ሲመክሩ ኖረዋል፤ ዛሬም ይመክራሉ። በቅዱስ መጽሐፍም የምክር ክብደት ተደጋግሞ ተነግሯል። ንጉሥ ሮብዓም የሽማግሌዎቹን ምክር ትቶ አብሮ አደጎቹን በመስማቱ መንግሥቱ ተከፍሎበታል (1ኛ ነገ. 12)። አኪጦፌል በምክሩ የታወቀ ሰው ሆኖ ሳለ ጥበቡን ዳዊትን ለማጥፋት አዋለው (2ኛ ሳሙ. 17)። ከዚህ የምንረዳው ምክር የመካሪውን ዕውቀት ብቻ ሳይሆን ታማኝነቱንም የሚጠይቅ መሆኑን ነው።

በሙያ ደረጃ የሚሰጠው ምክር ከዕለት ተዕለቱ ምክር የሚለይበት ጠባይ አለው። በተለመደው ምክር መካሪው ከራሱ ኑሮ ተነሥቶ «እንዲህ አድርግ፣ ይህን ተው» ይላል። የሙያ አማካሪ ግን ተመካሪው ችግሩን አጥርቶ እንዲያይ፣ አማራጮቹን እንዲመዝንና በኅሊናው እንዲወስን ያግዘዋል። የሚያተኩረውም በአብዛኛው በጭንቀት፣ በሐዘን፣ በትዳር አለመግባባት፣ በትምህርትና በሥራ ምርጫ፣ በስደት ኑሮ በሚገጥም ብቸኝነት፣ ከደረሰ በደል በኋላ በሚመጣ የስሜት ጉዳትና ይህን በመሳሰሉ ጉዳዮች ላይ ነው። መድኃኒት ማዘዝ በመደበኛነት የአእምሮ ሐኪም ሥራ ነው።

ይህ ሙያ ራሱን ችሎ የወጣው በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። ፍራንክ ፓርሰንስ የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1908 በቦስተን ከተማ ወጣቶችን በሥራ ምርጫ የሚያማክር ቢሮ አቋቋመ፤ የመስኩ ጅማሬም ብዙ ጊዜ ከዚህ ይቈጠራል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከጦር ሜዳ የተመለሱ ወታደሮችን ወደ ሰላማዊ ኑሮ የመመለሱ ሥራ ሙያውን አስፋፋው። በሀገራችንም የምክር ሥነ ልቡና በዩኒቨርሲቲ ይሰጣል፤ በትምህርት ቤቶችና በጤና ተቋማት የሚያገለግሉ ባለሙያዎችም አሉ።

ግንኙነቱ፦ የአገልግሎቱ መሠረት

በዘመናዊው የምክር አገልግሎት ላይ ትልቅ አሻራ ካሳረፉት አንዱ ካርል ሮጀርስ (እ.ኤ.አ. 1902–1987) ነው። በወጣትነቱ የነገረ መለኮት ትምህርት ጀምሮ ነበር፤ በኋላ ወደ ሥነ ልቡና ዞረ። እ.ኤ.አ. በ1957 ባወጣው ጽሑፍ ሰው እንዲለወጥ የሚያግዘው ከሁሉ አስቀድሞ የግንኙነቱ ጠባይ መሆኑን አስረዳ። ከአማካሪው የሚጠበቁ ሦስት ነገሮችም በዚሁ ትምህርቱ ይታወቃሉ።

የመጀመሪያው የሌላውን ስሜት ከውስጡ ሆኖ መረዳት ነው። አማካሪው ነገሩን በተመካሪው ዐይን ለማየት ይጥራል። የኢዮብ ወዳጆች ወደ እርሱ በመጡ ጊዜ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ቃል ሳይናገሩ አብረውት በምድር ላይ ተቀመጡ (ኢዮ. 2፥13)። በዚያ ዝምታቸው አጽናኞች ነበሩ፤ መናገር ሲጀምሩ ግን የመከራውን ምክንያት በኢዮብ ላይ እየደፉ ሸክሙን አከበዱበት። ጠቢቡ ሰሎሞንም ሳይሰሙ መመለስን ስንፍናና እፍረት ይለዋል (ምሳ. 18፥13)።

ሁለተኛው ሰውን ያለ ቅድመ ሁኔታ መቀበል ነው። ይህ ብዙዎችን ያሳስባል፤ ኃጢአትን ማጽደቅ ይመስላቸዋልና። ሰውን መቀበልና ድርጊቱን ማጽደቅ ግን የተለያዩ ናቸው። ጌታችን በያዕቆብ ጉድጓድ አጠገብ ሳምራዊቷን ሴት ባነጋገራት ጊዜ አስቀድሞ ውኃ ለመናት፣ ጥያቄዋን ሰማ፣ መለሰላት፤ ከዚያ በኋላ ሕይወቷን ገለጠላት (ዮሐ. 4)። የተሰወረው ሁሉ የተገለጠባት ሴት አልሸሸችም፤ የሀገሯን ሰዎች ጠርታ ወደ እርሱ አመጣች።

ሦስተኛው እውነተኛነት ነው። አማካሪው የማይሰማውን ኀዘኔታ አያስመስልም፤ የማያውቀውን አውቃለሁ አይልም፤ የማይፈጽመውንም ተስፋ አይሰጥም።

ሥራው እንዴት ይከናወናል?

አንድ የምክር ጊዜ ብዙውን ጊዜ ከ45 እስከ 50 ደቂቃ ይወስዳል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት አማካሪው ከተመካሪው ጋር ይተዋወቃል፤ የመጣበትን ጉዳይ፣ የቤተሰቡንና የጤናውን ሁኔታ ይጠይቃል። ቀጥሎ ሁለቱ በጋራ ግብ ያወጣሉ። «ደኅና መሆን እፈልጋለሁ» የሚለው ሰፊ ምኞት «ሌሊት እንቅልፍ ማግኘት፣ ከባለቤቴ ጋር ሳልጮኽ መነጋገር» ወደሚል የሚታይ ግብ ይወርዳል። ከዚያ ወደ ግቡ የሚያደርሰው ሥራ ይከተላል፤ በመጨረሻም አገልግሎቱ በድንገት ሳይቋረጥ በሥርዓት ይዘጋል።

በስፋት ከሚሠራባቸው መንገዶች አንዱ ሐሳብ፣ ስሜትና ድርጊት የተያያዙ መሆናቸውን መሠረት ያደርጋል። አሮን ቤክ የተባለው አሜሪካዊ የአእምሮ ሐኪም በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በድባቴ የተያዙ ሰዎችን ሲያክም፣ ስለ ራሳቸው፣ ስለ ዓለምና ስለ ነገ ያላቸው ሐሳብ ሳይመረመር ስሜታቸውን እንደሚገዛው አስተዋለ። ስለዚህ «እኔ የማልረባ ነኝ» የሚለው ሐሳብ በመጣ ጊዜ ሰውየው እንደ እውነት ከመቀበል ይልቅ ማስረጃውን እንዲመረምር ይለማመዳል። ሐሳብን ገና ሲነሣ መመርመር ለቤተ ክርስቲያን ልጆች እንግዳ ትምህርት አይደለም፤ ማር ይስሐቅ፣ ፊልክስዩስና አረጋዊ መንፈሳዊ የተባሉት መጻሕፍተ መነኮሳት ስለ ሐሳብ ውጊያ በስፋት ያስተምራሉ። የሁለቱ ግብ ግን አንድ አይደለም። አንዱ ከጭንቀት መገላገልን ሲሻ የአባቶች ትምህርት ልብን አንጽቶ ከእግዚአብሔር ጋር አንድ ወደ መሆን ያደርሳል።

የሙያው ሥነ ምግባር

የአሜሪካ የምክር አገልግሎት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው የሥነ ምግባር ደንብ ስድስት መሠረታውያንን ያስቀምጣል፤ እነርሱም የተመካሪውን የመወሰን ነጻነት ማክበር፣ ጉዳት አለማድረስ፣ በጎ ማድረግ፣ ፍትሕ፣ ቃልን መጠበቅና እውነተኛነት ናቸው። እነዚህ በሥራ ላይ ሲውሉ የሚከተለውን መልክ ይይዛሉ።

ሀ. አውቆ መፍቀድ

ተመካሪው ከመጀመሩ በፊት አገልግሎቱ ምን እንደሆነ፣ ስንት እንደሚከፈልበት፣ ምን ሊጠቅመው ወይም ሊከብደው እንደሚችል፣ ምሥጢሩ እስከ ምን ድረስ እንደሚጠበቅና በፈለገ ጊዜ ማቋረጥ እንደሚችል ሊነገረው ይገባል። ፈቃዱን የሚሰጠው ይህን ዐውቆ ነው። ጌታችን ሁሉን የሚያውቅ ሲሆን 38 ዓመት በአልጋ የኖረውን መፃጉዕ መዳን ይወድ እንደሆነ ጠይቆታል (ዮሐ. 5)። በኢያሪኮ አጠገብ የነበረውንም ዕውር ምን ሊያደርግለት እንደሚሻ ጠየቀው (ሉቃ. 18)። ሁሉን የሚያውቅ ጌታ የሰውን ፈቃድ ካከበረ፣ ጥቂቱን የሚያውቅ አማካሪ ይልቁን ሊጠይቅ ይገባዋል። ተመካሪውን በግድ አስይዞ ማምጣት፣ አስፈራርቶ ማናገር ከዚህ ሥርዓት ውጭ ነው።

ለ. ምሥጢር መጠበቅ

አማካሪው የሰማውን ብቻ ሳይሆን ተመካሪው ወደ እርሱ መምጣቱን ጭምር በምሥጢር ይይዛል። የጻፈውን ማስታወሻ ይቈልፋል፤ በመንገድ ሲያገኘው እንኳ ተመካሪው ካልቀደመ «እንዴት ሆነልህ» ብሎ በሰው ፊት አይጠይቅም። ስም ሳይጠራ ታሪኩን ለማስተማሪያ ማውራትም አደገኛ ነው፤ ትንሽ ማኅበረሰብ ባለበት ስፍራ ስም ባይጠራም ሰው ይታወቃልና።

የሙያው ምሥጢር ጠባቂነት ግን ወሰን አለው። ተመካሪው ራሱን ሊያጠፋ ወይም ሌላውን ሊጎዳ ሲል፣ ሕፃን ሲበደል፣ ወይም ፍርድ ቤት በሕግ ሲያዝ አማካሪው ሊናገር ይችላል፤ በብዙ ሀገሮች ሕግ ይገደዳልም። በዚህ ረገድ ብዙ የሚጠቀሰው ታራሶፍ የተባለው የአሜሪካ የፍርድ ጉዳይ ነው። አንድ ተማሪ አንዲት ወጣትን ሊገድል እንዳሰበ ለዩኒቨርሲቲው የሥነ ልቡና ባለሙያ ነገረው። ባለሙያው ለግቢው ፖሊስ አስታወቀ፤ ፖሊሶቹ ግን ጠይቀው ለቀቁት። ለወጣቷም ሆነ ለቤተሰቧ የነገራቸው አልነበረም፤ እ.ኤ.አ. በ1969 ተገደለች። የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1976 በሰጠው ውሳኔ ባለሙያ አደጋ የተደቀነበትን ሰው ለመጠበቅ ተገቢውን ጥንቃቄ የማድረግ ግዴታ እንዳለበት ገለጠ። ስለዚህ ጥሩ አማካሪ ወሰኑን በመጀመሪያው ቀን ይናገራል፤ ተመካሪው ከተናገረ በኋላ የሚሰማው ወሰን ክህደት ይመስለዋልና።

ሐ. ድንበርን መጠበቅ

አማካሪ ከተመካሪው ጋር ሌላ ዓይነት ግንኙነት ሊኖረው አይገባም። ገንዘብ አይበደርም፣ አብሮ አይነግድም፣ የቅርብ ዘመዱን ወይም አለቃውን አያማክርም። ከሁሉ ይልቅ ከተመካሪ ጋር የፍትወት ግንኙነት ፈጽሞ የተከለከለ ነው፤ የአሜሪካው ማኅበር ደንብ አገልግሎቱ ካበቃ በኋላም ቢያንስ ለ5 ዓመት ይከለክላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ልቡን የገለጠና ደካማ ጎኑን ያሳየ ሰው ከአድማጩ ጋር እኩል አይደለም፤ ፈቃዱም ነጻ ፈቃድ ነው ለማለት ያስቸግራል።

ይህ ድንበር በተለይ በውጭ ሀገር በሚኖሩ ምእመናን ዘንድ ይፈተናል። በአንድ ከተማ አንድ አጥቢያ ብቻ ሲኖር አማካሪው፣ የሰበካ ጉባኤ አባሉ፣ የልጆቹ መምህርና የጎረቤት ዘመድ አንድ ሰው ሊሆን ይችላል። እንዲህ ባለ ስፍራ ድንበሩን አስቀድሞ መነጋገር፣ የማይቻል ሲሆንም ወደ ሌላ ባለሙያ መላክ ይገባል። ቋንቋ የማያውቁ ወላጆችን በልጆቻቸው አስተርጓሚነት ማማከርም መወገድ አለበት፤ እናት በልጇ ፊት ስለ ትዳሯ መከራ ልትናገር አትችልም፤ ልጁም ሊሸከመው የማይገባውን ሸክም ይሸከማል።

መ. የብቃትን ልክ ማወቅ

አማካሪ ከሠለጠነበት ውጭ አይሠራም። ተመካሪው ሌሎች የማይሰሙትን ድምፅ የሚሰማ ከሆነ፣ ለሳምንታት እንቅልፍና ምግብ ካጣ፣ የሞት ሐሳብ ካየለበት ወደ አእምሮ ሐኪም ይልከዋል። መላክ ሽንፈት አይደለም። ዮቶር አማቹ ሙሴ ከጥዋት እስከ ማታ ብቻውን ሕዝቡን ሲዳኝ አይቶ ሥራው ከዐቅሙ በላይ መሆኑንና እርሱም ሕዝቡም እንደሚደክሙ ነገረው፤ ሙሴም ምክሩን ሰምቶ ሥራውን ከፈለ (ዘፀ. 18)።

ሠ. እምነቱን ማክበር

አማካሪ የራሱን አመለካከት በተመካሪው ላይ አይጭንም። ጾምን፣ ስግደትን፣ ጸሎትን እንደ ሕመም ምልክት የሚቈጥር አማካሪ የሙያውን ሥነ ምግባር ይተላለፋል። ምእመናንም «እምነቴ ለሕይወቴ መሠረት ነው፤ ይህን አክብረው እንዲረዱኝ እሻለሁ» ብለው የመናገር መብት አላቸው።

ንስሐ አባትና የሙያ አማካሪ

ንስሐ ከሰባቱ ምሥጢራተ ቤተ ክርስቲያን አንዱ ነው። ካህኑ ኑዛዜ የሚቀበለው፣ ቀኖና የሚሰጠውና የሚፈታው ጌታ ለሐዋርያት ከሰጠው ሥልጣን በተቀበለው ክህነት ነው (ዮሐ. 20፥23)። አማካሪ የቱንም ያህል የተማረ ቢሆን ከኃጢአት ሊፈታ አይችልም። የኑዛዜ ምሥጢርም ከሙያ ምሥጢር ይጠብቃል፤ ካህኑ የሰማውን ለማንም እንዲገልጥ አይፈቀድለትም። አደጋ ያለበት ነገር በሰማ ጊዜ ተናዛዡ ራሱ ወደ ሐኪም ወይም ወደ ቤተሰቡ እንዲሄድ ይመክረዋል፣ ይለምነዋል፣ አብሮት ይጸልያል።

በአንጻሩ ሕመም ሁሉ ኃጢአት አይደለም። በድባቴ የወደቀን ሰው «እምነትህ ስለ ጎደለ ነው» ብሎ መገሠጽ በሐዘኑ ላይ በደለኛነትን ይጨምርበታል። ነቢዩ ኤልያስ ከኤልዛቤል ሸሽቶ በምድረ በዳ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ሞቱን በለመነ ጊዜ እግዚአብሔር አልገሠጸውም። መልአክ ልኮ ምግብና ውኃ ሰጠው፤ ተኛ፤ ዳግመኛም በላ። ከዚያ በኋላ ነው በኮሬብ ተራራ የተናገረው፤ ብቻውንም አልተወውም፣ ኤልሳዕን ሰጠው (1ኛ ነገ. 19)። ቅዱስ ነቢይ የነበረው ኤልያስ እንዲህ ከደከመ የእኛ ድካም የሚያሳፍር አይደለም።

መጽሐፈ ሲራክ ሐኪምን ማክበር እንደሚገባና መድኃኒትን የፈጠረ እግዚአብሔር መሆኑን ያስተምራል (ሲራ. 38)። በቂሳርያ አጠገብ ለድኾችና ለሕሙማን መጠለያ ያሠራው ቅዱስ ባስልዮስም ለመነኮሳት በሰጠው ሥርዓት ሕክምናን ከእግዚአብሔር የተሰጠ ጥበብ ይለዋል። ተስፋን ሁሉ በሐኪም ላይ መጣልንም ሆነ ሕክምናን ፈጽሞ መናቅን ይነቅፋል። በእኛም ዘመን ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ፓትርያርክ ጠበልና የኤች አይ ቪ መድኃኒት እንደማይጋጩ ማስተማራቸው ይታወሳል። ለአእምሮ ሕመምም ነገሩ እንዲሁ ነው። ጠበል የሚጠመቅ ሰው ሐኪሙ ያዘዘለትን መድኃኒት በድንገት እንዲያቋርጥ መምከር ለከባድ አደጋ ሊዳርገው ይችላል።

በምሳሌ እንየው። አንዲት እናት ልጇን በሞት አጥታ ከዓመት በላይ ከቤት መውጣት፣ መብላትና መተኛት ተስኗታል እንበል። ንስሐ አባቷ ጸሎተ ፍትሐቱንና ተዝካሩን በሥርዓቱ አድርሰውላታል፤ የትንሣኤን ተስፋ አስተምረዋታል። ሆኖም ሰውነቷ እየከሳ፣ «ምነው በሞትኩ» የሚለው ቃል ከአፏ እየበዛ ሄደ። እኒህ አባት «ልጄ፣ ጸሎታችንን አንተውም፤ ሐኪምና አማካሪም እንይ» ቢሏት ሥልጣናቸው አይቀንስም። አማካሪውም የሐዘኗን መንገድ አብሯት እየሄደ «ለልጄ በቂ እናት ነበርኩን?» የሚለው ጥያቄዋ ወደ ኅሊና ጸጸት ሲደርስ «ይህን ከንስሐ አባትሽ ጋር ተነጋገሪ» ቢላት ሙያው አይጎድልም። ሁለቱም ድንበራቸውን ካወቁ እናቲቱ በሁለት ወገን ትደገፋለች፤ ካላወቁ ግን በመካከላቸው ትወድቃለች።

ምእመናን ምን እናድርግ?

አማካሪ ስንመርጥ የት እንደተማረ፣ የሙያ ፈቃድ እንዳለው፣ ምሥጢራችንን እንዴት እንደሚጠብቅና ስለ እምነታችን ያለውን አክብሮት እንጠይቅ፤ መጠየቅ ነውር አይደለም። ፈጣን ፈውስ ቃል የሚገባ፣ ከቤተሰብና ከቤተ ክርስቲያን የሚለየን፣ ድንበር የሚያልፍ ንግግር ወይም ንክኪ የሚያሳይ ከሆነ ወዲያው እንራቀው፤ ለሚመለከተው አካልም እናሳውቅ። ወደ አማካሪ መሄዳችንን ለንስሐ አባታችን ብንነግር ይጠቅመናል እንጂ አይጎዳንም። ራሱን ሊያጠፋ እንዳሰበ የነገረንን ሰው ብቻውን አንተወው፤ ነገሩን እንደ ቀልድ ወይም እንደ ማስፈራሪያ ሳንቈጥር ወዲያው ወደ ጤና ተቋም እናድርሰው።

እኛም ሁላችን በየቤታችን የሰው ምሥጢር ይደርሰናል። ሙያው ባይኖረንም የሙያው ሥነ ምግባር ግን ይመለከተናል። ጠቢቡ ወሬ የሚያዞር ምሥጢርን እንደሚገልጥ፣ በመንፈሱ የታመነ ግን ነገሩን እንደሚሰውር ይነግረናል (ምሳ. 11፥13)። በቡና ላይ የተወራ የሰው ገመና፣ በማኅበር ላይ «ጸልዩለት» በሚል ሰበብ የተገለጠ የወንድም ምሥጢር ስንቱን ከቤተ ክርስቲያን ደጅ አርቆታል! ልቡን ከፍቶ የሚነግረን ሰው አደራ ሰጥቶናል፤ አደራውን ጠብቀን፣ ዐቅማችንን ዐውቀን፣ ከዐቅማችን በላይ የሆነውን ወደሚችለው ልንመራው ይገባል።

ፍጹም መካሪና እውነተኛ መድኃኒት የሆነ አምላካችን ለተጨነቁት ዕረፍትን፣ ለሚያማክሩት ማስተዋልን፣ ለአባቶቻችን ካህናት ጸጋውን ያብዛልን። የእመቤታችን አማላጅነት፣ የቅዱሳን ጸሎት አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።